የዳሌ አጥንት መሞትን ሳይረፍድ ለመያዝ

አጎቴ ሾፌር ነው፣ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው፣ ገና ጎልማሳ። ብሽሽቱን ሲያመው «ብርድ ነው» አለና ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሸ። ራጅ ተነሳ፣ «ምንም የለህም» ተባለ። ከርሞ ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ እግሩን አጣጥፎ መቀመጥ አቃተው፣ ካልሲውን ባለቤቱ ታጠልቅለት ጀመር። በኤምአርአይ፣ በማግኔት ውስጥን በሚያሳየው መሣሪያ፣ ሲታይ ቀኝ የጭን አጥንቱ ራስ፣ ዳሌ ውስጥ የሚዞረው ክቡ ነገር፣ ደም ተቋርጦበት ሞቷል።

ብርቅ በሽታ እንዳይመስላችሁ። ጃፓን በ2004 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ጥናት የገመተችው ታካሚ 11,400 ገደማ ሲሆን የቻይናው ግምት ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ልዩነት የሕዝብ ብዛት ብቻ አያመጣውም። የጃፓኑ ሐኪም ቤት የመጣውን ቆጠረ፣ የቻይናው ሕዝቡ መሃል ገብቶ ፈለገ። ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ «ማንን ቆጥረው ነው?» በሉ።

አሁን ወደ ራሳችሁ። ሕመሙ ብሽሽት ላይ ከሆነ፣ አንዳንዴም ወደ ጭንና ጉልበት ከወረደ፣ ስትራመዱ ከባሰ፣ ሳምንታት ካለፈው ዝም አትበሉ። በተለይ ከ30 እስከ 50 ዓመት ያላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ አስታውሱ፦ ለአስም፣ ለቆዳ፣ ለመገጣጠሚያ የተሰጣችሁ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) ካለ፣ የአጥንቱን ደም ሊያቋርጡ ስለሚችሉ፣ ስሙን፣ መጠኑን፣ ስንት ጊዜ እንደወሰዳችሁ ጻፉ፣ ካርቶኑ ካለ ያዙት። ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፣ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው። አረቄም ይህን ስለሚያመጣ የምታበዙ ከሆነ ሳታፍሩ ንገሩ። ዳሌያችሁ ወልቆ ወይም የጭን አጥንታችሁ አንገት ተሰብሮ የሚያውቅ ከሆነም እንደዚሁ፣ ዓመታት ቢያልፉም።

ራጅ ንጹሕ ነው ሲባል እፎይ ብላችሁ አትመለሱ። ገና ሲጀምር ራጅ ላይ አይታይም፣ ኤምአርአይ ነው የሚያሳየው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሕመሙ ካልለቀቃችሁ «አጥንቱ ደም አጥቶ ይሆን?» ብላችሁ የአጥንት ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት። እስኪታወቅ ድረስ ሸክም ይቅርባችሁ፣ መታሸትም ይቅር፤ ማሸት የተቋረጠውን ደም አይመልሰውም። አጥንቱ ሳይደረመስ ከተደረሰበት በመብሳት ሊተርፍ ይችላል፣ ከተደረመሰ ግን አብዛኛውን ጊዜ መገጣጠሚያውን መቀየር ነው።

ሁለቱንም ዳሌ እንዲያዩላችሁም ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ይመጣል። የአጎቴ ግራ ዳሌ ምንም ሳያመው ነው የተገኘበት። ቀኙ ተደርምሶ ነበር፣ ግራውን ግን ቶሎ በሱለት።