ቆሞ የሚጨስ መኪና፦ በታክሲ ተራና በትምህርት ቤት በር ሞተር እንዴት ይጠፋል?

ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማው መሐል፣ ቆሞ ሞተሩ የሚሠራ መኪና የማይታይበት መንገድ የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡሬተሩ ወይም የናፍጣ ፓምፓው ለከፍታው ያልተስተካከለ አሮጌ መኪና እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስም ይተፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢከለከልም፣ መንገዱ ላይ ያሉት ገና ለብዙ ዓመታት አብረውን ናቸው።

ታክሲ ተራ ላይ ሹፌሩ ሞተሩን የማያጠፋው ብዙ ጊዜ ግድ አጥቶ አይደለም። ካጠፋው አይነሳም ብሎ ይሰጋል፤ ተራው ደርሶ መኪናው እምቢ ቢለው የቀኑ ገቢ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ሥራው ከቅጣት ሳይሆን ከኮፈኑ ሥር ይጀመር።

የተራው ማኅበር በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዞ እንዲመጣ ያድርግ። ለአንድ መኪና 10 ደቂቃ ይበቃል። መኪናው አድሮ ሳይነሳ የባትሪው ቮልት ይለካል፦ 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ። ቀጥሎ ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩን ማየት ነው። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ዲናሞው ወይም ቺንጊያው ይታይ፤ አዲስ ባትሪ መግዛት ችግሩን አይፈታም። ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) “ጠቅ” ብቻ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የባትሪውን ራስ ተመልከቱ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካበቀለ ኔጌቲቩን አስቀድሞ መፍታት፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጥብጦ በብሩሽ ማሸት (ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ)፣ አድርቆ ማጥበቅ፣ ላዩን ግሪስ መቀባት። ኔጌቲቩ የሚታሰረው መጨረሻ ነው። ከዚህች ትንሽ ሥራ በኋላ ያለ ችግር የሚነሳው መኪና ቁጥር ያስገርማችኋል።

ቀጥሎ የሰልፉ አሠራር ነው። ሚኒባሶች አንድ በአንድ ፈቀቅ የሚሉ ከሆነ ሹፌሩ በየሁለት ደቂቃው ማስነሳት ይኖርበታል፤ ይህ ሞተሪኖውን ይጎዳል፣ ሰውየውንም ያሰለቻል። ተራ አስከባሪው ሦስት መኪና እስኪወጣ ጠብቆ ሰልፉን በአንድ ጊዜ ያስጠጋ። ከፊት ያለውም ቢሆን የሚነሳው ረዳቱ የመጨረሻውን ተሳፋሪ አስገብቶ በሩን ሲዘጋ ነው። ሒሳቡን ለሹፌሮች በወረቀት አሳዩአቸው፦ ሚኒባሱ ቆሞ በሰዓት 0.8 ሊትር ይበላል ብንል፣ በቀን 90 ደቂቃ 1.2 ሊትር፣ በወር 26 የሥራ ቀን ከ31 ሊትር በላይ ይሆናል። በዕለቱ የማደያ ዋጋ አባዝተው በብር ይጻፉት፤ ስለ አየር ንብረት ከሚሰጥ ረጅም ንግግር ይህ ቁጥር ይበልጥ ይሰማል። “ማስነሳቱ ይበልጥ ይበላል” ለሚል፣ መልሶ ማስነሳት የሚፈጀው ቆሞ 10 ሰከንድ ከመሥራት ጋር የሚቀራረብ ነው።

አንድ ነገር ግን በደማቁ ይጻፍ፦ የሚጠፋው የቆመ መኪና ብቻ ነው። ከፒያሳ ወደ ቸርችል ሲወርዱ ሞተር አጥፍቶ መንሸራተት ነዳጅ ቆጣቢ የሚመስለው ሹፌር አይጠፋም። ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ ረዳት ኃይል ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ይደነድናል፣ መሪውም ይከብዳል። በዳገት ላይ ያለ ተራ ከሆነ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎ ነው የሚጠፋው።

የትምህርት ቤት በር ከዚህ ይቀላል፤ መኪናው የወላጅ ነው፣ ባትሪውም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ለሦስት ቀን፣ ልጆች ከመውጣታቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ሰው በደብተር ይቁጠር፦ ስንት መኪና ቆመ፣ ስንቱ ሞተሩ እየሠራ፣ ለስንት ደቂቃ። የሰሌዳ ቁጥር አይመዝገብ፤ ወላጁ ተሰለልኩ ካለ ነገሩ ያበቃለታል። ቆጠራው በወላጆች ስብሰባ ይነበብና ደንቡ እዚያው ይጽደቅ። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ “ከዚህ በር በ50 ሜትር ክልል የቆመ ተሽከርካሪ ከ1 ደቂቃ በላይ ሞተሩን ማሠራት አይችልም። አምቡላንስ፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ የአየር ፍሬን ግፊት እየሞላ ያለ አውቶቡስና በትራፊክ መጨናነቅ የቆመ መኪና አይመለከታቸውም።” ኒውዮርክ ለሌላው ቦታ 3 ደቂቃ ስትፈቅድ በትምህርት ቤት አጠገብ ግን 1 ደቂቃ ብቻ ነው የምትፈቅደው። ለዘበኛም አጭሩ ይቀለዋል፤ ሦስት ደቂቃ ቆሞ የሚቆጥርለት ጊዜ የለውም።

ግቢው ውስጥ ይህ የውስጥ ደንብ ነው። ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ግን የሕዝብ ስለሆነ ወረዳውንና የትራፊክ ፖሊስን ማነጋገር ግድ ይላል። ደብዳቤው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44 (ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት) እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ይጥቀስ፤ ቆጠራውም ይያያዝ። ያለ ቁጥር የሄደ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይቀራል።

ደንቡ የሚጻፍበት ሰሌዳ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ከመኪና ውስጥ ሆኖ በሚነበብ ትልቅ ፊደል፣ መኪናው በሚቆምበት ጎን ይተከል እንጂ በሩ ላይ አይለጠፍ። የመጀመሪያው ወር የማስታወሻ ይሁን። ዘበኛው ወይም ተማሪው በመስኮቱ በኩል የሚለው ነገር አስቀድሞ ይለማመድ፦ “ጋሼ፣ ልጆች እየወጡ ስለሆነ ሞተሩን ቢያጠፉልን?” አመስግኖ መሄድ፣ አለመከራከር። የሕፃን አፍንጫ ከጭስ ማውጫው ብዙም አይርቅም፤ ይህንን ወላጅ ሲሰማ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሰበቦቹ የታወቁ ናቸው። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ቁልፉን አንድ ደረጃ ማዞር ይበቃል፤ ለግማሽ ሰዓት ጤነኛ ባትሪ አይደክምም። በክረምት መስታወቱ በጉም ከተሸፈነ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል መክፈት ነው። ጠዋት ሞተር ማሞቅ ከ1 ደቂቃ ማለፍ የለበትም፤ ቀሪውን በዝግታ እየነዱ ማሞቅ ይቻላል። ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና ብቻ ዳገት ወጥቶ ከመጣ በኋላ ከመጥፋቱ በፊት 1 ወይም 2 ደቂቃ ይፈለግበታል። በሕንፃ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ግን ለማንም ሰበብ ቦታ አይሰጥ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሞተር አስነስቶ የተኛ ሹፌር ላይነቃ ይችላል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ያው ሰው መልሶ ይቁጠር። በትምህርት ቤቱ በር ቀንሶ በተራው ካልቀነሰ፣ ወደ ቅጣት ከመሄድ በፊት ቴስተሩን ይዛችሁ ወደ ባትሪው ተመለሱ።