ባንኮች ሲዋሃዱ ሠራተኛውን እንዴት ማስተናገድ ይቻላል?

ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባንኮች ሊኖራቸው የሚገባውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ ወዲህ የውህደት ወሬ ከባንክ ቤት አልጠፋም። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃልሏል። ወሬው ሲሰማ ባለአክሲዮኑ ድርሻውን ያሰላል። መስኮት ላይ ያለችው ቴለር ግን ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «የቤት ብድሬስ?»

ውህደቱን የምትመሩ ኃላፊዎች፣ እናንተም ከዚያ ጀምሩ። የሠራተኛ ብድር ወለዱ ዝቅ ያለ ነው፤ የሁለቱ ባንኮች ወለድም የብድር ጣሪያም ደግሞ ሊለያይ ይችላል። ለእያንዳንዱ ተበዳሪ ቀሪ ዕዳውን፣ ወለዱንና ከውህደቱ በኋላ የሚሆነውን የያዘ አንድ ገጽ ደብዳቤ ስጡት። ስብሰባ ላይ «አትስጉ» ማለት ማንንም አያረጋጋም።

በዚያው ሳምንት ሕጉን ንገሯቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የድርጅት መቀላቀል የሥራ ውልን አያቋርጥም፣ አያሻሽልምም። ዝም ካላችሁ ሲቪ መበተን ይጀመራል። ቀድመው የሚወጡት ደግሞ ጎበዞቹ ናቸው።

ቀጥሎ ደመወዝን፣ እርከንን፣ ሕክምናንና የኅብረት ስምምነቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሥራ መደብ ስም አያታልላችሁ። አንዱ ጋ «ሲኒየር ኦፊሰር» የሚባለው ሌላው ጋ ተራ ኦፊሰር ሊሆን ይችላል። የሚሠራውን ሥራ አይታችሁ መድቡ።

ከባዱ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሁለት የፋይናንስ፣ ሁለት የሰው ኃይል ዳይሬክተር ይኖራል። ምደባውን ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ኮሚቴ ይሥራው፤ የገዢው ባንክ ሰዎች ብቻ ከተቀመጡበት ውጤቱን ማንም አያምንም። ትርፍ የሆነውን መጀመሪያ ክፍት ቦታ ላይ አዛውሩ። ቅነሳ የግድ ከሆነ ሠራተኛ ማኅበሩን አማክሩ፤ ሕጉ ችሎታና ምርታማነትን ያስቀድማል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለሚወጣ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ አለ።

የባንኩን የኮምፒውተር ሲስተም የምትቀይሩበትን ቀን ወር መጨረሻ ላይ አታድርጉት። የደመወዝ ወረፋ ተሰልፎ አዲስ ስክሪን ላይ የሚንተባተብ ቴለር ያሳዝናል፤ ስድቡን የሚጠጣው እሱ ነው። ሲስተሙን የለመደ አንድ ሰው ሁለት ሳምንት አጠገቡ ይቀመጥ። ባጅና ዩኒፎርምም ለሁሉም በአንድ ቀን ይቀየር፤ አለበለዚያ ካፌው ውስጥ «እኛ» እና «እነሱ» ጠረጴዛ ለይተው ይቀመጣሉ።