የዱር ወፎችን በብረት ብክለት ላይ ስናስመሰክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ወፍ ያገኘችውን ትበላለች፣ ያገኘችውን ትጠጣለች። አካባቢው ላይ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ካለ ሰውነቷ ውስጥ ይገኛል። ጥሩ ምስክር ናት፤ አጠያየቁን ካላወቅንበት ግን ቃሏን እናጣምምባታለን።

ትልቁ ስህተት ላባው የወደቀበትን ቦታ የበቀለበት ቦታ አድርጎ መቁጠር ነው። አዲስ የሚወጣ ላባ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ቀጭን ቀፎ ውስጥ ተጠቅልሏል፣ ሥሩ ደም ስላለበት ጠቆር ይላል። ሜርኩሪው ከደሙ ጋር መጥቶ ኬራቲን ከሚባለው የላባ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ላባው አድጎ ሲጨርስ ደሙ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ የምትበላው ሜርኩሪ እዚያ ላባ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከሐይቅ ዳር ያነሳነው የስደተኛ ወፍ ላባ የሚያወራው በሺዎች ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ አገር ሊሆን ይችላል። እኔ ብመርጥ ገና ያልበረሩ ጫጩቶችን እመርጣለሁ፤ ወላጆቻቸው ምግብ የሚያመጡላቸው በአብዛኛው ከጎጆው አቅራቢያ ነው። የአንድ ክንፍ ላባዎችም እኩል አይደሉም። ቀድሞ የተቀየረው ብዙ ጊዜ ከኋለኛው የበለጠ ሜርኩሪ ይይዛል። ስታወዳድሩ ክንፉ ላይ ያው ቦታ የበቀለውን ላባ ውሰዱ።

ላባን ሳያጥቡ መለካትም አለ። በተለይ እርሳስ ከአየር ላይ ወርዶ ከውጭ ይለጠፋል። በአሴቶንና በንጹሕ ውሃ እያፈራረቁ ማጠብ ይረዳል፣ ሁሉንም ባያስለቅቅም።

የተሳሳተ የሰውነት ክፍል መምረጥ ሌላው ነው። ደም ስለ ቅርብ ሳምንታት ይናገራል። አጥንት የዓመታት እርሳስ ያከማቻል። ካድሚየም ከተፈለገ ኩላሊት ነው።

ዓሣ በሊታን ከእህል በሊታ ጋር ማወዳደርም ያሳስታል፤ ሜቲል ሜርኩሪ የሚባለው የሜርኩሪ ዓይነት በምግብ ሰንሰለቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይበዛል።

እርሳስ ሲገኝ ወዲያው ፋብሪካ አንጠርጥር። የካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለው ጥንብ አንሣ ዋነኛ ጠላት የሆነው በጥይት የተመታ እንስሳ ሥጋ ውስጥ የቀረ የእርሳስ ስብርባሪ ነው። የእርሳስ አይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ የእርሳስ አተሞች) ምርመራ ምንጩን ለመለየት ያግዛል።

በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ግን ወፎች እስኪሞቱ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በምዕራብ አውስትራሊያዋ ኤስፐራንስ ወፎች በሺዎች ረገፉ። ምክንያቱ ወደቡ ላይ ሲጫን የሚቦንን የእርሳስ ካርቦኔት ብናኝ ነበር። ሲመረመር የሕፃናት ደም ውስጥም እርሳስ ተገኘ።

የመጨረሻው፣ ቀንና ቦታ ሳይጽፉ ላባ ማስቀመጥ። ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች በሙዚየም የተቀመጡ የጎስሃውክ ላባዎችን ለኩ። ይህ የጭልፊት ዘመድ ነው። ሜርኩሪው ለአሥርት ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ1940 በኋላ ዘለለ፤ ዘር የሚታሽበት የሜርኩሪ መድኃኒት ሥራ ላይ ከዋለበት ጊዜ ጋር ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1966 ለዘር የሚውለውን ሜቲል ሜርኩሪ ከለከሉት። ያን ሁሉ ያስነበበው አንድ ሰው ከላባው ጎን የጻፈው ቀን ነው።