አዲስ መመሪያ ሲመጣ ጤና ጣቢያችሁ ውስጥ እንዴት ሥራ ላይ ይውላል?

ከጤና ቢሮ አዲስ መመሪያ ሲመጣ ብዙ ቦታ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ኃላፊው ያነበዋል፣ «ለሚመለከተው» ብሎ ይመራዋል፣ ከዚያ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሱፐርቪዥን ሲመጣ ፋይሉ ይወጣል፣ ደብዳቤው አለ ተብሎ ምልክት ይደረጋል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ግን ስለ ጉዳዩ ሰምታ አታውቅም። ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከቢዮአዋሌ ወይም ከዋሂል የመጣች እናት ደግሞ በነጻ ልታገኘው ለሚገባ አገልግሎት ገንዘብ ከፍላ ትመለሳለች።

ደብዳቤ ማንበብ አንድ ሥራ ነው፤ ደብዳቤውን ታካሚው አገልግሎት በሚያገኝበት መስኮት ጋ ወደሚሠራ ነገር መለወጥ ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረንም። ድሬዳዋ ውስጥ በጤና ተቋም አስተዳደር ላይ ስሠራ ቀስ በቀስ የለመድኩትን መንገድ ልንገራችሁ። ሐረር ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

ደብዳቤው ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ

ዛሬ ዛሬ ደብዳቤ ቀድሞ የሚደርሰን በቴሌግራም ነው። በፎቶ ብቻ አሠራር አትቀይሩ። ቁጥርና ቀን አለው? ክብ ማህተሙና የፈራሚው ቲተር (የስም ማህተም) ይነበባል? ካልተነበበ ላኪው ቢሮ መዝገብ ቤት ደውሉ፣ ዋናውን አስመጡ፣ ገቢ አድርጉት።

ከሁሉ በፊት አባሪውን ፈልጉ። ደብዳቤው «ዝርዝሩ ከዚህ ጋር ተያይዟል» ይላል። ግሩፑ ላይ የሚለቀቀው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው። ዋናው ነገር፣ ማለትም የዋጋ ሰንጠረዡ፣ ቅጹ፣ የመድኃኒቱ ዝርዝር፣ ያለው አባሪው ላይ ነው።

የሰነዱን ክብደት ለዩ

በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንብ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል። መመሪያ የሚያወጣው ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። ሰርኩላር ያለውን ያስታውሳል ወይም ያብራራል እንጂ ከመመሪያው በላይ ሊሄድ አይችልም። ሁለት ወረቀት ሲጋጭባችሁ የትኛውን እንደምትይዙ የምታውቁት በዚህ ነው።

ድሬዳዋ ላለን አንድ ልዩ ነገር አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ከተማ አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። በአዋጁ መሠረት የሰውን መብትና ጥቅም የሚነካ መመሪያ ካልተመዘገበና በድረ ገጽ ካልወጣ ተፈጻሚ አይሆንም። ስለዚህ በታካሚ ላይ አዲስ ክፍያ የሚጥል ወይም አገልግሎት የሚከለክል መመሪያ ሲደርሳችሁ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ። ይህ አለመታዘዝ አይደለም፤ መብታችሁም ግዴታችሁም ነው። ሐረር የክልል መንግሥት ስላለው የክልሉን ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

በእርግጥ ምን ተቀየረ?

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ሥራው ሁሉ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ነው።

የድሮውንና አዲሱን ሰነድ አሳትሙና ጎን ለጎን አንብቡ። ይህን በስልክ መሥራት አልመክርም፤ ገጽ እየገፉ ማወዳደር አይቻልም። አዲሱን ብቻ ያነበበ ሰው ወይ ሁሉም አዲስ ይመስለዋል፣ ወይ ሁሉንም የሚያውቀው ይመስለዋል። ከብዙ ገጽ ውስጥ የተቀየረው ጥቂት መስመር ሊሆን ይችላል። በእስክሪብቶ አስምሩበት።

ከዚያ በእያንዳንዱ የተሰመረ መስመር አጠገብ አራት ነገር ጻፉ። ማን ይሠራዋል? በየትኛው ክፍል? ምን ማድረግ ያቆማል? በየትኛው መዝገብ ላይ ይሰፍራል?

ደብዳቤዎቻችን «ተፈጻሚ እንዲሆን»፣ «ክትትል እንዲደረግ» ብለው ያልፋሉ። ማን እንደሚፈጽም እኛ መጻፍ አለብን። የሥራ መደብ ብቻ አይበቃም፤ የሰው ስም ጻፉ። ፈቃድ ሲወጣ የሚተካውንም አብራችሁ ጻፉ።

ከአራቱ የሚከብደው «ምን ያቆማል?» የሚለው ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። የእርግዝና ክትትል፣ በጤና ጣቢያ መውለድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና ከክፍያ ነጻ መሆናቸውን ባለሙያው ሁሉ ያውቃል። እንበልና በዚህ ላይ አንድ የላብራቶሪ ምርመራ በነጻ እንዲሰጥ ተጨመረ። ሚድዋይፏ ስብሰባ ላይ ስለነበረች ታውቃለች። ወረቀቱን ጽፋ ትልካለች። ላብራቶሪው ግን ደረሰኝ ሳያይ ናሙና አይቀበልም፤ ድሮ እንዲህ ተብሎ ነው የተነገረው። ካሸሯ የያዘችው የድሮውን የዋጋ ዝርዝር ነው። እናትየዋ በሦስቱ ክፍል መሃል ትመላለሳለች፣ በመጨረሻ ትከፍላለች። ሦስቱም ሠራተኞች የታዘዙትን በትክክል ሠርተዋል። የጎደለው ላብራቶሪው ደረሰኝ መጠየቁን እንዲያቆምና በምትኩ ምን ምልክት ያለበትን ወረቀት እንዲቀበል የሚናገር አንድ መስመር ነው።

ይህን ቢሮ ተቀምጣችሁ አታገኙትም። ተነሱና ታካሚው በሚሄድበት መንገድ ሂዱ። ከግቢው በር ጀምሩ። ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ (ታካሚዎች መጀመሪያ የሚለዩበት ቦታ)፣ ተመላላሽ ሕክምና፣ ላብራቶሪ፣ ካሸር፣ ፋርማሲ። እያንዳንዱ ጋ ቆማችሁ «ነገ እንዲህ ያለች ሴት ብትመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጻፉ እንጂ ወዲያው አታርሙ። ወዲያው ማረም ከጀመራችሁ ቀጣዩ ሰው ትክክለኛውን መልስ ፈልጎ ይነግራችኋል፤ እውነተኛውን አሠራር አይነግራችሁም። ጥበቃዎቹን አትዝለሏቸው። «ዛሬ ካርድ አልቋል»፣ «መታወቂያ ከሌለሽ አይቻልም» የሚባለው ብዙ ጊዜ በር ላይ ነው። ታካሚው እዚያ ከተመለሰ ውስጥ ያለው ሥርዓት ሁሉ አይደርሰውም።

አንድ ነገር እዚሁ ጨርሱ፤ ወጪው ከየት ይሸፈናል? አንድ ጤና ጣቢያ አውቃለሁ፣ አዲስ የነጻ አገልግሎት በጥሩ መንፈስ ጀመረ። ሪኤጀንቱ (የምርመራው ኬሚካል) ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ታካሚዎች ወደ ግል ላብራቶሪ ተላኩ፣ ከድሮው የበለጠ ከፈሉ። ወጪው ከውስጥ ገቢ የሚሸፈን ከሆነ የተቋሙ ቦርድ ማጽደቅ ስላለበት ከመጀመራችሁ በፊት አጀንዳ አስይዙ። ታካሚዋ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነች ደግሞ አገልግሎቱ በመድን የሚጠየቅ ነው ወይስ ለሁሉም ነጻ የሆነ? ይህን ከፋይናንስና ከመድን ባለሙያው ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። በቃል የተስማማችሁት ኦዲተር ሲመጣ አይገኝም።

ቀኑን ተጠንቀቁ

የጤና ሪፖርት ወር ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ነው። መመሪያ ግን ብዙ ጊዜ ከወሩ መጀመሪያ፣ በተለይ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ያን ዕለት ስለሆነ። የሐምሌ ሪፖርት ደግሞ ከሰኔ 21 እስከ ሐምሌ 20 ያለውን ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በድሮው፣ ቀሪዎቹ 20 በአዲሱ አሠራር ይመዘገባሉ ማለት ነው።

መዝገቡ ወይም ቆጠራው ከተቀየረ ሁለቱ ተደባልቀው ይገባሉ። ቁጥሩ በድንገት ይወርዳል ወይም ያሻቅባል፣ ቀጥሎም «ለምን?» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። በሚጀመርበት ቀን መዝገቡ ላይ በቀይ ቀለም ድፍን መስመር አስምሩ፣ የደብዳቤውን ቁጥር ከጎኑ ጻፉ። የኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ ሥርዓት) ባለሙያውን ከመጀመሪያው ቀን አሳትፉት። በብዙ ቦታ እሱ የሚሰማው ሪፖርት በሚገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2 ላይ ቁጥሩ አልገባ ሲለው ነው።

አንድ ገጽ ጻፉ፣ ጠዋት ተናገሩ

አራቱን ጥያቄዎች መልሳችሁ ከያዛችሁ አንድ ገጽ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። የመመሪያውን ቋንቋ አትድገሙ። «ከሰኞ ጀምሮ ላብራቶሪ ለነፍሰ ጡር እናት ደረሰኝ አይጠይቅም። ሚድዋይፏ የፈረመችበትን ወረቀት ይቀበላል።» እንዲህ አጭር ይሁን።

ስብሰባውን ጠዋት አድርጉት። የድሬን ሙቀት የምታውቁት ናችሁ፤ ከሰዓት የተጠራ ስብሰባ ላይ የሚመጣው ፊርማ ለማስፈር ነው። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የሥልጠና በጀት እስኪመጣ የሚጠብቁ አሉ። እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም። አንድ መስመር የአሠራር ለውጥ አበልና አዳራሽ አያስፈልገውም። አዲስ የሕክምና ክህሎት ከሆነ ግን ሥልጠናውን ጠይቁ፤ በአንድ ገጽ ወረቀት የማይተካ ነገር አለ።

አዳር ተረኞችን አስታውሱ። ጠዋት ስብሰባ ላይ አይኖሩም፤ ወሊድ ደግሞ ሌሊት ይበዛል። ገጹን የርክክብ መዝገባቸው ውስጥ ለጥፉት፣ አንብበው ይፈርሙ። ቴሌግራም ለማስታወስ ጥሩ ነው፤ ለማስተላለፍ ብቻውን አይበቃም። ሰላምታና የሐዘን መልእክት መሃል ገብቶ ይጠፋል።

የድሮውን አውርዱ

በዚያው ቀን ከግድግዳው ላይ የድሮውን የዋጋ ዝርዝር፣ ከመሳቢያው የድሮውን ቅጽ ሰብስቡ። ራሳችሁ ዞራችሁ ሰብስቡ እንጂ «አስወግዱ» ብላችሁ አትተዉት። የተረፈ ቅጽ ካለ ሰው በእጁ የለመደውን ይጠቀማል። አንድ አንድ ኮፒ ለማህደር አስቀሩ።

የአዲሱን ማስታወቂያ በአማርኛ ብቻ አትለጥፉ። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ደብዳቤው በአማርኛ ይመጣል። ወረፋ የያዘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚናገር ነው፤ ከገጠር ቀበሌ የመጣው አብዛኛው ደግሞ ጽሑፍ አያነብም። ስለዚህ ትሪያጅ ጋ ቋንቋውን የሚችል ባለሙያ ጠዋት ጠዋት ወረፋው ፊት ቆሞ ይናገር። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹም ገጹን ላኩላቸው። እነሱ ቤት ለቤት ካልነገሩ እናትየዋ መብቷን የምትሰማው ከፍላ ከሄደች በኋላ ነው።

ወረርሽኝ ሲሆን ይህ ሁሉ አይጠበቅም

ድሬ ይህን ታውቀዋለች። በ2006 ዓ.ም. ዴንጌ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉኒያ (ሁለቱም ትንኝ የሚያስተላልፋቸው የትኩሳት በሽታዎች ናቸው)፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ መጡብን። ወባውን ካስፋፉት መካከል አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ አለች። እሷ የምትራባው በበርሜልና በሮቶ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ስለሆነ ዝናብ ሳይኖርም ከተማ መሃል ትገኛለች።

በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የሚመጣው ደብዳቤ ማንን እንደ ተጠርጣሪ እንደምትይዙ፣ ምን ናሙና እንደምትወስዱና ለማን እንደምትደውሉ ይናገራል። ኮሚቴ አትጥሩ። ያን ሰዓት የሚያስፈልገው ተጠርጣሪ የሚባለው ማን እንደሆነ የሚገልጸውን ትርጓሜ ትሪያጅና ተመላላሽ ክፍል ጠረጴዛ ላይ መለጠፍ፣ የሚደወልበትን ስልክ ከሥሩ መጻፍ ነው። ቃለ ጉባኤው በኋላ ይደርሳል። የዋናውን ደብዳቤ ማህተም እስክታዩ አትቆዩ፤ ለቢሮው ደውሎ ማረጋገጥ ይበቃል።

መልሳችሁ ጻፉ

አሠራሩ ሁለት ሳምንት ያህል ከሠራ በኋላ ያንኑ መንገድ ከበሩ ጀምራችሁ ድገሙት። በዚህ ጊዜ ሠራተኞቹን ብቻ ሳይሆን ከፋርማሲ የሚወጡ ታካሚዎችንም ጠይቁ፤ «ዛሬ ከፍለሻል? ለምን?» ብላችሁ። የሚከፈል ነገር ካለ ካርዱን ተከተሉና የት እንደተሰበረ ታገኙታላችሁ። ያለአግባብ የተከፈለ ከሆነ መመለሻውን ከፋይናንስ ጋር ያዙ።

ያልሠራውን ለቢሮ ጻፉ። ብዙ ኃላፊዎች ይህን ይፈሩታል፤ ድክመት ያስመስላል ብለው። ቢሮ ያለው ባለሙያ ግን መመሪያው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው የሚያውቀው ከእናንተ ብቻ ነው። «አፈጻጸሙ ክፍተት አለበት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ማንም መልስ አይሰጥበትም። የደብዳቤውን ቁጥር ጥቀሱ፣ የትኛው አንቀጽ በየትኛው ክፍል እንደተጋጨ ጻፉ፣ በዚያ ምክንያት ስንት ሰው እንደተመለሰ ወይም እንደከፈለ ቁጠሩ፣ የምትፈልጉትን አንድ ነገር በግልጽ ጠይቁ። ግልባጭ ለፋርማሲ ወይም ለመድን ክፍል የሚያስፈልግ ከሆነ ከሥር አስቀምጡ። ወጪ ቁጥሩን መዝግባችሁ ያዙና መልሱ ከዘገየ በዚያው ቁጥር ደውላችሁ ጠይቁ።