የቆየ የቫልቭ ሬድዮ የኃይል ክፍል፦ ችግርና መፍትሄ

ከአያት የተረፈ የቫልቭ (የመስታወት ቱቦ) ሬድዮ በደብረ ማርቆስም ሆነ በዳንግላ ከጓዳ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት፣ አቧራው እንደተጠረገ ገመዱን ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ለዓመታት ኤሌክትሪክ ያላገኘ የኤሌክትሮላይት ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) የውስጥ ሽፋኑ ስለሚሳሳ፣ የወረቀት ኮንደንሰሮቹም የጎጃምን ክረምት እርጥበት ሲስቡ ስለሚኖሩ፣ በአንድ ጊዜ 220 ቮልት ሲለቀቅ ትራንስፎርመሩን ጭምር ሊያስቃጥሉ ይችላሉ። ኮንደንሰር በቀላሉ ይተካል፤ የዚያ ዘመን ትራንስፎርመር ግን እንደገና መጠምጠም ይፈልጋል።

ስለዚህ የቮልት መምረጫው 220 ላይ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ባለ 60 ዋት የክር አምፑል በገመዱ አንደኛው መስመር ላይ በተከታታይ ይገናኝ፤ ኤልኢዲ ለዚህ አያገለግልም። አምፑሉ ለቅጽበት በርቶ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ እንደ ደመቀ ከቀረ ሾርት አለ። የቫልቮቹ ስም በላቲኑ «ዩ» ፊደል የሚጀምር ከሆነ ሻሲው (ዕቃዎቹ የተሰኩበት የብረት አካል) ከመስመሩ ጋር በቀጥታ ሊገናኝ ስለሚችል፣ ሬድዮው ተሰክቶ ሳለ ፈጽሞ አይነካ። ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ኮንደንሰሮቹ ከ250 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አራግፎ በቴስተር ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ፊውዝ በተደጋጋሚ ሲቃጠል የሬክቲፋየሩን (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠውን) ቫልቭ ነቅሎ በአምፑሉ መሞከር ይገባል። አምፑሉ ከደበዘዘ ጥፋቱ በራሱ በሬክቲፋየሩ ወይም ከእሱ በኋላ፣ በአብዛኛው በማጣሪያው ኮንደንሰር ላይ ነው፤ ሁሉም ቫልቮች ወጥተው እንኳ ደምቆ ከበራ ትራንስፎርመሩ ይጠረጠራል። በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ወረቀት ብልጭልጭ የተጠቀለለበት ሬድዮ ፍኖተ ሰላም ላይ አይቻለሁ፤ በአንድ ኮንደንሰር ይድን የነበረው ዕቃ የትራንስፎርመሩ ጥምጥም ከስሎ ነበር። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ድምፅ መቀነሻው ቢዘጋም የማይጠፋ ወፍራም እምምታ ካለ፣ ማጣሪያ ኮንደንሰሮቹ ደርቀዋል ማለት ነው። አሮጌዎቹ ከመስመር ተቆርጠው፣ ተቀራራቢ ማይክሮፋራድ (የኮንደንሰር አቅም መለኪያ) እና 450 ቮልት ያላቸው አዲሶች ፖላቸው ሳይዛባ ይበየዱ። ትልቅ ይሻላል ብሎ ማሰብ ያሳስታል፤ ለምሳሌ ኢዜድ80 የተባለው ሬክቲፋየር በመጀመሪያው፣ ማለትም ከእሱ ቀጥሎ ባለው ኮንደንሰር ላይ ከ50 ማይክሮፋራድ በላይ አይሸከምም።

ቫልቮቹ በርተው ድምፅ ከሌለ፣ በመጀመሪያው ኮንደንሰር ላይ ቮልት ኖሮ በሁለተኛው ላይ ከጠፋ በመካከላቸው ያለው ሬዚስተር ወይም የሽቦ ጥምጥም (ቾክ) ተበጥሷል፤ በሁለቱም ከሌለ ሬክቲፋየሩ ይቀየር።

ጥገናው ሲያልቅ ሬድዮው አንድ ሰዓት ይሥራ፤ ከዚያ ነቅሎና አራግፎ ትራንስፎርመሩን መዳሰስ ነው። እጅ የማያስቆይ ሙቀት ካለው የሚያፈስ ኮንደንሰር ገና ቀርቷል።