አላድግ ያለችው እንቁራሪቴ

ሁለቱን እንቁራሪቶች ያመጣኋቸው በአንድ ቀን ነው። አንዷ በአራት ወር እጥፍ ስትሆን ሌላዋ ባለችበት ቀረች። ትበላለች፣ ግን አታድግም። የሆድ ትል መስሎኝ ነበር።

አንድ ማታ ፌንጣ ልትይዝ ዘላ ሳተችው። ጠጋ ብዬ ሳይ የኋላ እግሯ ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ፣ ጭኗም ጎበጥ ብሏል። የታችኛው መንጋጋዋ እንደ ላስቲክ ለስልሷል። አንጀቴን በላችው። የእንስሳት ሐኪሙ በኤክስሬይ አይቶ የካልሲየም እጥረት ነው አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌንጣ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ካልሲየም ሲጎድል ሰውነት ከአጥንት ይወስዳል። ቫይታሚን ዲ3 ከሌለ ደግሞ የተበላውም በቅጡ አይመጠጥም።

አሁን ፌንጣዎቹን ከካልሲየም ዱቄት ጋር ከረጢት ውስጥ ነቅነቅ አድርጌ፣ ነጭ ሲሆኑ ለሁለቱም እሰጣለሁ። ዱቄቱ ቶሎ ስለሚረግፍ ወዲያው መበላት አለባቸው። ዲ3 ያለበትን ግን ሐኪሙ ባለኝ ቀን ብቻ ነው የምጠቀመው፤ ሲበዛ ይጎዳል። የመስታወት ክዳኑንም በወንፊት ሽቦ ቀየርኩት። ለካ መስታወት ሰውነቷ ዲ3 እንዲሠራ የሚረዳውን የአምፖሉን ዩቪቢ ጨረር ያግዳል!

ከስድስት ሳምንት በኋላ መንቀጥቀጡ ቆመ። የጎበጠው እግሯ አልተቃናም። ፌንጣ ግን አትስትም።