የቴክስቸር ልኬት ሲያታልል፦ ባሕር ዳር ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ማቴሪያል ሳይንስ የሚማሩ ልጆች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እያመጡ ያሳዩኛል። ብዙዎቹ ሳምፕላቸውን ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ልከው ነው ቴክስቸሩን፣ ማለትም የብረቱ ደቃቅ ክሪስታሎች (ግሬኖች) ምን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ እንደተሰለፉ፣ የሚያስለኩት። የሚመለስላቸው ፋይልና ባለቀለም ሥዕል ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ ስለሚያምርም ማንም አይጠረጥረውም።

በጣም የሚያናድደኝ ነጥብን ከግሬን ጋር ማምታታት ነው። «ጋሼ፣ ሚሊዮን ነጥብ ተለክቷል እኮ!» ይሉኛል። ግሬኑስ ስንት ነው? ዝም። ሲቆጠር ሁለት መቶ አይሞላም። ኢቢኤስዲ (በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የየነጥቡን የክሪስታል አቅጣጫ የሚለካ ዘዴ) ጠባብ ቦታን በደቃቅ እርምጃ ሲቃኝ አንዱን ግሬን ሺህ ጊዜ ይለካዋል። በአንድ ግሬን ውስጥ ያሉ ነጥቦች ግን አቅጣጫቸው ተቀራራቢ ነው፤ አዲስ ነገር አይነግሩንም። የባሕር ዳር ሰው ምን ይወዳል ብሎ ሽምብጥ ሰፈር ላይ ያገኙትን ሦስት ሰው ሺህ ጊዜ መጠየቅ ማለት ነው። ምንም ቴክስቸር የሌለው ብረት እንኳ ሃምሳ ግሬኑ ብቻ ከተለካ በአቅጣጫ ስርጭቱ ላይ ጉልህ ጫፍ ያሳያል። ከዚያ «ጠንካራ ቴክስቸር ተገኘ» ተብሎ ይጻፋል! ሶፍትዌሩ ስርጭቱን የሚያለሰልስበትን ስፋት ከ10 ዲግሪ ወደ 5 ዝቅ አድርጉትና ያ የተኮራበት የጫፍ ቁመት ቁጥር እንዴት እንደሚዘል እዩት። ስፋቱን ያልጻፈ ሰው ቁጥሩን ባይጽፈው ይሻላል።

ለቴክስቸር ሰፊ ቦታ ቃኙ፤ እርምጃው የግሬኑን መጠን ያህል ቢሆን ይበቃል። ደቃቅ እርምጃ የሚያስፈልገው የግሬን ድንበር ለማየት ነው። ከዚያ ግሬኖቹን በዕጣ ለሁለት ክፈሏቸውና ኦዲኤፍ (የግሬኖቹን የአቅጣጫ ስርጭት) ለየብቻ አስሉ። ሁለቱ ግማሾች ካልተስማሙ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሱ።

ላሜራው በሮለር የተዳመጠበትን አቅጣጫ ሳምፕሉ ላይ በማርከር ማስመርም አለ። ማርከር በአሴቶን ይጠፋል። ጠርዙን ጫር አድርጉበት፣ አለቀ። ሶፍትዌሩ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሳምፕል ሲሜትሪ (የሳምፕሉ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ አንድ ነው የሚል ግምት) ሳትጭኑ አስሉ። ሲሜትሪው ከተጫነ ሳምፕሉ ተጣሞ መቀመጡን ይሸፍንባችኋል፤ ፖል ፊገሩም (የአንድ የክሪስታል ገጽ አቅጣጫዎች የሚታዩበት ክብ ካርታ) ያላገባቡ ውብ ይሆናል።

በኤክስሬይ የምትለኩ ደግሞ ሹልትዝ በ1949 ያስተዋወቀው ዘዴ ከነችግሩ እንደመጣ አትርሱ። ሳምፕሉ ሲያዘነብል ጨረሩ ገጹ ላይ ይዘረጋል፣ ወደ ፖል ፊገሩ ዳር ሲደርስ የሚለካው የጨረር መጠን ይወርዳል። ይህ የሚታረመው ከዚያው ማቴሪያል በተዘጋጀና አቅጣጫው በተበተነ ዱቄት፣ በዚያው የማሽን አቀማመጥ ተለክቶ ነው። ከሌላ ሰው ፋይል የተዋሰ ማረሚያ አይሠራም። ባክግራውንዱንም (ከፒኩ ሥር ያለውን የማይፈለግ ጨረር) ከፒኩ ግራና ቀኝ ለኩ፤ ብረት በመዳብ ቱቦ ከተለካማ ብረቱ ራሱ የሚያመነጨው ጨረር (ፍሎረሰንስ) ባክግራውንዱን ከፍ ያደርገዋል።

የላይኛውን ገጽ ልኬት የሙሉ ላሜራው አድርጎ ማቅረብ ሌላው ነው። የመዳብ ኤክስሬይ ብረት ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ማይክሮሜትር ነው፤ ኢቢኤስዲ ደግሞ በናኖሜትር የሚቆጠር ጥልቀት ብቻ ያያል። በሙቀት የተዳመጠ ላሜራ ገጹና መሃሉ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ከየትኛው ጥልቀት እንደተወሰደ ጻፉ።

ኦዲኤፍ ላይ ትንሽ ጫፍ ባያችሁ ቁጥር ስም አታውጡላት። ተራ ፖል ፊገር የአቅጣጫውን መረጃ በሙሉ አይዝም፤ ኦዲኤፍ ከእሱ ሲሰላ የሚፈጠሩ የውሸት ጫፎች አሉ።

በኮምፒውተር ብቻ አትጨቃጨቁ። ከአሉሚኒየም ላሜራ ክብ ቁረጡና ኩባያ አድርጋችሁ ሳቡት፤ አፉ ላይ ጆሮ (ከፍ ከፍ ያለ ጠርዝ) ያወጣል። በቅዝቃዜ የተዳመጠ ብዙውን ጊዜ ከዳመጣው አቅጣጫ 45 ዲግሪ ላይ፣ የኩብ ቴክስቸር (የክሪስታሎቹ የኩብ ጠርዞች ከላሜራው አቅጣጫዎች ጋር የተሰለፉበት) የያዘ ደግሞ 0 እና 90 ላይ። ለዚህ ሳምፕል መላክ አያስፈልግም፤ ፕሬስ ያለው ወርክሾፕ ይበቃል። ፋይሉ ጠንካራ ኩብ ብሎ ጆሮው 45 ላይ ከወጣ፣ መጀመሪያ የአቅጣጫውን ምልክት፣ ቀጥሎ የግሬኑን ቁጥር ፈትሹ።